እንግዳው ማነው?

ሰኔና ሐምሌ ሲመጣ ስድስት ኪሎ በእንግዳ ይጥለቀለቃል። ከጨንቻ፣ ከወልድያ፣ ከነቀምት እናትና አባት፣ አክስትና ታናሽ ወንድም የልጃቸውን ምርቃት ለማየት ቆሎና ጭኮ ቋጥረው ይመጣሉ። ታዲያ ብዙዎቹ ባልንጀሮቻችን እንግዶቻቸውን ወዴት ይወስዳሉ? መስቀል አደባባይ፣ ወዳጅነት ፓርክ፣ ቦሌ፤ ማታ ደግሞ መብራቱን ለማየት አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ። ፎቶ ይነሳል። «አየሽ እማዬ፣ ከተማችን ተለወጠች!» ይባላል። እናት በዚያ ሁሉ መስተዋት መሐል አንዲት ቃል ጮክ ብለው በጋሞኛ ቢናገሩ ግን ልጅ ሆዬ ግራ ቀኙን ገልመጥ ያደርግና «ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል» ይላል። ኧረ ለመሆኑ የሚሰማው ማነው? የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ቢሰማማ በዚያው በጋሞኛ ሰላምታ ሰጥቶ ወንበር ይስብላቸው ነበር።

እኛ ይህን እንቃወማለን። የምንቃወመው ፎቶውን አይደለም፤ ይነሳ። የምንቃወመው ወላጅን በገዛ ከተማው እንግዳ የማድረግን አባዜ ነው።

«በገዛ ከተማው» ያልነው ለማሞካሸት አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የኦሮሞ ጎሣዎች አገር ነበረች፤ ጉለሌ የሚለው ስም ራሱ ምስክር ነው። ከዚያ ወዲህ ያቆሟት ከየአቅጣጫው የመጡ እጆች ናቸው። ሽሮ ሜዳን ሽሮ ሜዳ ያደረገው የዶርዜ ሸማኔ ነው። ጣልያን ነጭና ጥቁርን ለመለየት የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ሲያባርረው፣ ያንን የተባረረ ገበያ መርካቶ ያደረገው በአብዛኛው የጉራጌ ነጋዴ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያንም የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ። ካዛንቺስ እንኳ ስሙን ያገኘው ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው። ዛሬ ያ ስም የኛ እንጂ የማን ነው?

ነገሩ ግን ከቋንቋ ያልፋል። ድሮ ቤተሰብ አዲስ አበባ መጣ ማለት አክስት ቤት አረፈ ማለት ነበር። አክስት ደግሞ ካዛንቺስ ወይም ዶሮ ማነቂያ፣ ከ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ የቀበሌ በሆነች ሁለት ክፍል ውስጥ ነበረች። ፍራሽ መሬት ይነጠፋል፤ ቡናው ሲፈላ የቀኙ ጎረቤት የሐረር ሰው፣ የግራው የአድዋ፣ ማዶ ያሉት ደግሞ የወላይታ ናቸው። እድሩ ብሔር ሳይጠይቅ ድንኳን ይተክላል። እንግዳው ስለ ከተማዋ የሚማረው እዚያች በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርሱ ያ ሁሉ አብሮ ተነቀለ። አክስት ገላን ናት። እንግዳው ፔንሲዮን ያድራል፤ የሚከፍለውም ከሸጣት በግ ነው።

«ድህነትን ታወድሳላችሁ» የሚሉን አይጠፉም። ውሸት ነው! የሚያፈስ ጣራና ለስንት አባወራ አንድ ሽንት ቤት ይናፍቀናል ያለ የለም። ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው መታጠቢያውን ወዶታል፣ ደግ አደረገ። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ለሰውየው ቤት ሲሰጠው ጎረቤቱ ለምን አብሮ አልተሰጠውም? ሃያ ዓመት የተዋጣበት እድር ባለቤቶቹ በየዳሩ ሲበተኑ ድንኳኑን ማን ይይዛል? ይህን ሳይጠይቅ በመብራቱ ሥር ቆሞ ፈገግ የሚል ምሁር ነኝ ባይ፣ ወላጆቹን እያስጎበኘ ሳይሆን እያታለለ ነው። ወላጆቹ ሞኞች መስለውታል፤ መሬቷን ለመንገድ ሥራ ያስረከበ ገበሬ ግን ከአዲስ አስፋልት ጀርባ ምን እንዳለ ከማናችንም በላይ ያውቃል።

ዘንድሮ ለምርቃት የሚመጡትን መጀመሪያ ሽሮ ሜዳ ውሰዷቸው፤ መርካቶ ላይ በገዛ ቋንቋቸው ይከራከሩ፤ ከዚያ ገላን። ታክሲ መቀያየር አለው፤ ሰልፉም ልብ ያወልቃል። ፓርኩ የትም አይሄድም፣ ይደርሳል።

ለገጣሚዎቻችንም አንድ ቃል አለን። በዚችው መጽሔት ስለ አዲሱ መብራት የተጻፉ ሦስት ግጥሞች አንብበናል፤ በአንዳቸውም ውስጥ ሰው አልነበረም። ለሚቀጥለው እትም የሚልክ ሁሉ እስቲ የአንዱን የፈረሰ ሰፈር እድር መዝገብ ማን እንደያዘው ጠይቆ ይምጣ። ገጽ አለን።