«በድንገት» የምትለዋ ቃል

የኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ዴቪድ ብሉም መጋቢት 28 ቀን 1995 ዓ.ም. ኢራቅ ውስጥ ጦርነት ሲዘግብ ሞተ። ገና 39 ዓመቱ ነበር። የገደለው ጥይት እንዳይመስላችሁ፤ በወታደራዊ ተሽከርካሪ ውስጥ እግሩን አጥፎ ሲጓዝና ሲተኛ ሰንብቶ እግሩ ላይ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባውን ደፈነው። ከመሞቱ በፊት እግሩን እንደሚያመው ተናግሮ ነበር።

እንዲህ ያለውን ሞት እኛ «በድንገት አረፈ» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ይህችን ቃል አልወዳትም። የረጋ ደም ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ እግር ብቻ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ባት ያማል፤ በተለይ ከኦፕራሲዮን፣ ከወሊድ ወይም ከረጅም ጉዞ በኋላ። እኛ አገር ደግሞ ባት ሲያም ወጌሻ ተጠርቶ ይታሻል! ደም የረጋበት እግር ከታሸ የረጋው ሊነቀል ይችላል። ሐኪም ቤት በአልትራሳውንድ ይታያል። ትንፋሽ ካጠረና ደረት ከወጋ ግን ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ሳንባው በሲቲ ስካን መታየት አለበት። እንደ ሄፓሪንና ዋርፋሪን ያሉት መድኃኒቶች የረጋው ደም እንዳያድግ ያደርጋሉ፤ ሕክምናው ቢያንስ ሦስት ወር ይወስዳል።

ታዲያ ዘጋቢ የሟቹን ቤተሰብ «እግሩን አሞት ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ምን አለበት? ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይጠየቅም የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ዕድሜውንና የልጆቹን ቁጥር ግን እየጠየቅን ነው።