የ90 ቀን እናት፣ የ3 ቀን አባት

ባለፈው እትም ስለ እጮኝነት ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ከሠርጉ በኋላ ስለሚመጣው እናውጋ።

በቅርቡ አንድ እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ አንዲት ወጣት እናት በር ላይ ጠበቀችኝ። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊ ናት። «እትዬ፣ ልጄ አላወቀችኝም» ብላ አለቀሰች። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ሕፃኗን አለታ ወንዶ እናቷ ዘንድ አድርሳት ነበር። «መጀመሪያ ሰሞን ማሽን ላይ ተቀምጬ ጡቴ ልብሴን ያርሰው ነበር» አለችኝ። አሁን ልጅቷ ስምንት ወሯ ነው። እናቷ ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ ፊቷን አዙራ አያቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ይህን እኔም አውቀዋለሁ። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያ ልጄን ለእናቴ ሰጥቼ፣ ለአገልግሎት ነው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ልጄ እናቴን «እማ» ብሎ እኔን በስሜ ሲጠራኝ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳሁትም።

ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ሺህ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከየገጠሩ ወደ ከተማችን መጥተዋል። የራሳቸው ደመወዝ አላቸው፤ ባልም ራሳቸው ይመርጣሉ። ዱሮ «የማን ልጅ ነው?» ብሎ የሚያጣራ ዘመድ ነበር፤ ዛሬ የሚጠያየቁት በኪራይ ግቢ የተገናኙት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በዚህ አላዝንም፤ ተገዶ ከመዳር ይሻላል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እናት፣ አማትና አክስት በሌሉበት አንድ ክፍል ቤት ሕፃን ሲወለድ ማን ያቅፈዋል?

ሣራ ሀርዲ የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ በብዙ እጅ ያደገ ፍጥረት ነው ይላሉ። እርሳቸው በዝግመተ ለውጥ ያስረዱታል፤ እኔ የፈጣሪን እጅ አይበታለሁ። ያም ሆነ ይህ፣ እናት ብቻዋን እንድታሳድግ አልተሠራችም። ሙሴን እንኳ እናቱ፣ እኅቱና የፈርዖን ልጅ ተጋግዘው ነው ያሳደጉት። እናቱማ ለማጥባቷ ደመወዝ ተከፍሏታል! (ይህን ለፓርኩ እናቶች ስነግራቸው ሳቁ።)

አባትስ? እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት በፊሊፒንስ፣ በሴቡ፣ 624 ወንዶችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። አባት በሆኑት ላይ ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ጎላ ብሎ ቀነሰ። በየቀኑ ልጃቸውን ለሰዓታት በሚንከባከቡት ላይ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ያለ ነበር። ወንድሞቼ፣ አትደንግጡ፤ በሽታ አይደለም! የወንድም ሰውነት ለሕፃን ቦታ እንደሚለቅ የሚያሳይ ነው።

ሕጋችን ግን ይህን ገና የሰማ አይመስልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን 6 ወር ሙሉ የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲያገኝ ይመክራል። የሐና ባል ሕልቃና ሳሙኤል ጡት እስኪተው ድረስ ቤት እንድትቆይ ተስማምቶላታል። የእኛዋ ልብስ ሰፊ ግን ባሏ ቢስማማላትም የቤት ኪራይ አለባት። ስለዚህ እናቶች፣ ወደ ሥራ ከመመለሳችሁ በፊት ጡታችሁን አልባችሁ በንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥንና ሕፃኑን በስኒ ማጠጣትን ከጤና ባለሙያ ተማሩ። አባቶችም አብራችሁ ተማሩ፤ ስኒውን የምትይዙት እናንተ ናችሁና።

የዚህችን እኅት ባል አነጋገርነው። ባጃጅ ነጂ ነው። «ሕፃን አዝዬ ብታይ ሰፈሩ ምን ይለኛል?» አለ። ባለቤቴ፣ መጋቢው፣ የእኛን የመጀመሪያ ልጅ አንድ ቀን እንኳ አጥቦ እንደማያውቅ ነገረው። እኔ በሃያ ዓመት ውስጥ ይህን ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር!

ልጅቷን ካመጧት ሦስት ሳምንት ሆናት። እስከ ቀትር አባቷ ይይዛታል፤ ከዚያ እናቷ እስክትመለስ ከጸሎት ኅብረታችን አንዲት ጎረቤት እናት ትረከባለች። የግቢው ወንዶች ይስቁበታል። ባጃጁን ግማሽ ቀን ስለሚያቆም ገቢው ቀንሷል፤ ኪራዩ አልቀነሰም። ልጅቷም ማታ ማታ አያቷን ፈልጋ ታለቅሳለች። ያኔ አለታ ወንዶ ይደውሉና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያደርጉላታል፤ አያትየው በሲዳምኛ ሲያባብሏት ዝም ትላለች።