መብራት ሲጠፋ የዕድሩ ጄኔሬተር ለማን ይቅደም?

ይህ ርዕሰ አንቀጽ ባለፈው ወር መለጠፍ የነበረበት ነው። የዘገየበት ምክንያት ጽፌ ሳልጨርስ መብራት ስለ ሄደ፣ ከዚያም ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሥራ ስለ ፈታ ነው። አሁንም የለጠፍኩት በእጅ የተጻፈውን ስለ ሆነ ፊደሌን ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ሁላችሁም እንደምታስታውሱት በሚያዝያው ዝናብና ነፋስ ከታች በኩል ያለው የመብራት እንጨት ወደቀ። እሱ በተነሣ ዕለት ማታ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ተቃጠለና ሰፈራችን አሥራ ዘጠኝ ቀን በጨለማ ቆየ። ለሚመለከተው ክፍል ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ወስጃለሁ። ስለዚያ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ የዛሬው ጉዳይ የራሳችን ነው፣ ይኸውም የዕድራችን ጄኔሬተር ነው።

በዘጠነኛው ቀን ወጣቶቹ መጡና «ጋሼ፣ ስልካችንም ሞቷል፣ ቴሌቪዥኑም ሞቷል፤ ለቅዳሜ ማታ ጄኔሬተሩን ስጡንና ለሰፈሩ ፊልም እናሳይ» አሉኝ። ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ከሰው ተውሰዋል፣ ነጭ አንሶላም አዘጋጅተዋል። የኮሚቴ ውሳኔ ሳልጠብቅ ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም በሌላ ሰው እንዳያላክክ። አንሶላውን በመጋዘናችን ግድግዳ ላይ ወጠሩት። ሕፃናቱ መሬት ላይ፣ ትልልቆቹ ለለቅሶ በምናወጣው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ፊልሙ የአማርኛ አስቂኝ ፊልም ነበር። ስንት ቀን ከቤታቸው ያልወጡ እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ አየሁ፤ እኔም ስቄአለሁ። አንዱ ካለቀ በኋላ «አንድ ድገሙን» ተባለና ሁለተኛው ተከፈተ። ቤንዚኑ ያለቀው በሁለተኛው መሐል ነው።

የዚያኑ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ከአባሎቻችን የአንዱ እናት ዐረፉ። ድንኳኑ ወጣ፣ ጄኔሬተሩ ግን ባዶ ነበር። በዚያ ሌሊት ቤንዚን ከየት ይመጣል? በማግሥቱም ማደያው ሰልፍ ነበር። ሬሳው ቤት ውስጥ በአንድ ኩራዝ አደረ (የስኳር ፋብሪካውን ኩራዝ ማለቴ አይደለም፣ የጋዙን ነው)። ለቅሶ የሚደርሰውም ሰው በድንኳኑ ገመድ እየተደናቀፈ ገባ። የሟች ልጅ አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ እጄን ጨብጦ «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎቻችን ሁለት ነገር እየተናገሩ ነው። አንደኛው ጄኔሬተሩ ዳግመኛ ለፊልም አይውጣ ነው፤ ሁለተኛው ፊልም ራሱ ልጆቹን አበላሸ ነው። በመጀመሪያው ላይ እንነጋገር፤ በሁለተኛው ግን እኔ አልስማማም።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ባሕርን ያየሁት በፊልም ነው። ባቡርንም እንደዚሁ። ልጅ ሳለን የቪዲዮ ቤት ነበር፤ በር ላይ ሳንቲም ከፍለን፣ የጄኔሬተሩ ጩኸት ከፊልሙ ድምፅ እየበለጠ፣ ብሩስ ሊንና ራምቦን እንዲሁም የሕንድ ዘፈን አይተናል። እንግሊዝኛውንም ሕንድኛውንም ሳንሰማ ማን ክፉ ማን ደግ እንደ ሆነ እናውቅ ነበር። አንድ ልጅ «ተርጓሚ» ነኝ ብሎ ፊት ይቀመጥና ከራሱ ፈጥሮ ያወራልን ነበር፤ ውሸቱን ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው። ከዚያ ቤት የወጣነው ሁላችንም ሽፍታ አልሆንንም። በአዲስ አበባም ቢሆን ሲኒማ መጀመሪያ ሲመጣ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎታል፤ ዛሬ ሲኒማ የሚገባ ሰው ግን ሰይጣን ትዝ አይለውም።

ደግሞ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። የኛ አካባቢ ሕዝብ ፊልም ከማየቱ በፊት ራሱ ፊልም ሆኗል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1974 ግራናዳ የተባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የሙርሲን ሕዝብ ፊልም አንሥቶ ለእንግሊዝ አገር አሳይቷል፤ ዴቪድ ተርተን የሚባለው ተመራማሪም አብሮ ነበር። በዚያው ዓመት ሮበርት ጋርድነር የሚባል አሜሪካዊ በሐመር ላይ የሠራው ፊልም ወጥቷል። ከዚያ በኋላም በሐመር ሴቶች ላይ ብዙ ተሠርቷል። እንግዲህ በውጭ አገር ሰው ሳሎኑ ተቀምጦ የሐመርን ከብት ዝላይ ሲያይ፣ እዚህ ጂንካ ያለው ልጅ የጎረቤቱን ኑሮ በፊልም አላየም። ወጣቶቹን «ቀጥላችሁ ልታሳዩ ካሰባችሁ ከነዚህ አንዱን ፈልጉና አሳዩን» ብያቸዋለሁ። «ጋሼ፣ ማን ያየዋል?» አሉኝ። እኔ አያለሁ።

ወደ መብራቱ ልመለስ። ብዙ ሰው «ኦሞ ወንዛችን ላይ ግልገል ጊቤ ሦስት ተሠርቶ እኛ በጨለማ እንቀመጥ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያ ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን 1870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ከአንድ ሺ ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ መሥመር አለ፤ በ2015 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ መሸጥ ተጀምሮበታል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሆኖም ግድብ ቢሞላም እንጨቱ ከበሰበሰ የኛ ቤት አይበራም። ቢጎድልም እንደዚሁ ነው፤ በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ውኃ አንሶ አገሩ በሙሉ በፈረቃ ሲበራና ሲጠፋ አይተናል። ያን ጊዜ ችግሩ ከላይ ነበር። አሁን የተቃጠለው ግን የገዛ ሰፈራችን ትራንስፎርመር ነው፤ ለመቃጠሉም ትንሽ እጃችን አለበት።

እንዴት ብትሉ፣ በምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይስባል፤ ይህ 9 ዋት የሆነውን አምፖል ከሦስት መቶ ሰማንያ በላይ ማብራት ማለት ነው። የኛ ትራንስፎርመር 100 የሚል የተጻፈበት ነበር። ሃያ ስምንት ምጣድ ባንድ ጊዜ ከተሰካ ለሌላው የሚተርፍ የለውም። ታዲያ እንጨቱ በተነሣ ማታ፣ ሦስት ቀን ሊጥ ሲኮመጥጥባት የቆየች ሴት ሁሉ መብራት መጣ ስትል ምን ታደርጋለች? ምጣዷን ትሰካለች። የኔም ባለቤት ሰክታለች፤ እኔው ነኝ «ቶሎ በይ ሳይሄድ» ያልኳት። ከአንድ ሰዓት በኋላ «ጧ!» ሲል ሰማን። ምጣዱ ብቻ ነው አቃጠለው አልልም፣ ዕቃውም ያረጀ ነበር፤ ግን ሁላችንም ባንድ ላይ ተጭነንበታል። አሁን አዲስ ተተክሎልናልና እሱንም እንዳንደግመው። እንግዲህ መብራት ከቆየ በኋላ ሲመጣ ከዋናው መንገድ በላይ ያለን በመጀመሪያው ማታ፣ በታች ያላችሁ በማግሥቱ ብንጋግርስ? የተቸገረ ከጎረቤት እንጀራ ቢበደር ነውር የለውም፤ እናቶቻችን እንዲያ ነበር የሚያደርጉት።

ስለ ጄኔሬተር ካነሣሁ አይቀር፣ በየቤታችሁ ትንንሽ ጄኔሬተር የገዛችሁ ስላላችሁ ጥቂት ልበል። ዝናብ ነው ብሎ ቤት ውስጥ አስገብቶ ማስነሣት ይገድላል፤ ጭሱ ሽታው ባይሰማም ሰውን በእንቅልፉ ይዞ ይሄዳል። ገመዱንም በግድግዳው ሶኬት ሰክቶ ቤቱን በሙሉ ማብራት የሚባለውን ነገር ተዉት፤ ኤሌክትሪኩ ወደ መሥመሩ ተመልሶ እንጨት ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድለው ይችላል። እሱም የሰው ልጅ ነው፣ ስንት ቀን ስንጠብቀው የነበረ። ቤንዚን በኩራዝና በሻማ አጠገብ የሚያስቀምጥም ቤት አይቻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል።

በዕድሩ ጄኔሬተር ላይ የኔ አሳብ እንደሚከተለው ነው። ሃያ ሊትር የምትይዘው ቢጫ ጀሪካን ለለቅሶ ብቻ ትሁን፤ እሷ ሳትሞላ ጄኔሬተሩ ከመጋዘን አይውጣ። ፊልም ማሳየት የፈለጉ ወጣቶች ቤንዚናቸውን ከመግቢያው በሚሰበስቡት ገንዘብ ይግዙ። ከሕፃናት ግን አይቀበሉ። ፊልሙም አንድ ብቻ ይሁን፣ «ድገሙን» የለም። ቁልፉ ከእንግዲህ እኔ ዘንድ አይቀመጥ፤ ሲለምኑኝ እምቢ ማለት እንደማልችል አይታችሁታል። ገንዘብ ያዣችን ጨካኝ ናት፣ እሷ ዘንድ ይሁን። ፀሐይ የሚሠራ ባትሪና ሁለት አምፖል ለድንኳኑ እንግዛ ያሉ አባላትም አሉ። ዋጋውን ጠይቄ በስብሰባው ላይ አቀርባለሁ፤ ለኔ ጥሩ አሳብ ይመስለኛል፣ ቤንዚን ሰልፍ የለበትምና።

ስብሰባው የፊታችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት በመጋዘኑ ፊት ለፊት ነው። ወጣቶቹም እንዲመጡ ተነግሯቸዋል፤ ሽማግሌዎች ሲናገሩ በስልክ እንዳይጫወቱ፣ ሽማግሌዎችም ልጆቹን ሳይሰሙ እንዳይነሡ አደራ። እናታቸው ያረፉባቸውም አባላችን እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ ይቅርታዬን በሕዝብ ፊት እጠይቃቸዋለሁ። ጀሪካኗ እስካሁን ባዶ ናት። ከቤቱ ቤንዚን የተረፈው ካለ እሑድ ይዞ ይምጣ፣ ደረሰኝ እቆርጥለታለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ጂንካ