የማዳቀል ሥራ በተወለደ ጥጃ ይቆጠር

በአገራችን ከብትን በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል አዲስ ሥራ አይደለም። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በ1960 ዓ.ም. ገደማ በአርሲ ለገበሬው ማዳረስ ከጀመረ፣ በ1970ዎቹም በቃሊቲ ብሔራዊ ማዕከል ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ላሞች በመርፌ በአንድ ሰሞን ኮርማ እንዲፈልጉ እያደረጉ በዘመቻ ማዳቀል በየአካባቢው ተስፋፍቷል። ይሁን እንጂ ከየቀበሌው የሚቀርበው ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ «ይህን ያህል ላሞች ተዳቀሉ» በሚለው ላይ ያበቃል። ስንቶቹ አረገዙ? ስንቶቹስ ወለዱ?

ጥያቄው በተለይ ሰንጋ አሳድጎ ለሚሸጠው ገበሬ ከባድ ነው። ወተት የሚሸጥ ሰው ከላሟ በየቀኑ ጥቂት ያገኛል። የሥጋ ከብት አርቢ ግን የዓመት ትርፉ አንድ ጥጃ ነው። ለምሳሌ 100 ላሞች ተዳቅለው 35 ጥጆች ቢወለዱ፣ 65 ላሞች ያለ ፍሬ መኖ በልተዋል ማለት ነው። በሪፖርቱ ላይ ግን 100 ተብሎ ይጻፋል።

ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች። የአገራችን ዝርያዎች ምልክታቸው ጎልቶ አይታይም፤ የሚቆየውም ለጥቂት ሰዓታት ሲሆን ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው። አስተማማኙ ምልክት ሌላ ከብት ሲወጣባት ጸጥ ብላ መቆሟ ነው። ጧት የታየች ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየች በማግሥቱ ጧት ትዳቀላለች። ይህን ቀድሞ የሚያየው እረኛው ልጅ ስለሆነ በስብሰባ ላይ አባወራዎችን ብቻ ማስተማር ግማሽ ሥራ ነው። ላሟም እሑድና በዓል አታውቅም። ስለዚህ አዳቃዩ በእነዚያ ቀናት የት እንደሚገኝ የማኅበሩ መሪዎች አስቀድመው ከእርሱ ጋር መስማማት አለባቸው።

ስለ መርፌው ሳይሸፋፈን መነገር ያለበት ነገር አለ። ፕሮስታግላንዲን የሚባለው መድኃኒት የሚሠራው ዑደቷን በጀመረች ላም ላይ ብቻ ነው፤ እርሷም ከ2 እስከ 5 ባሉት ቀናት ውስጥ ኮርማ ትፈልጋለች። በድርቅ ወራት አጥንቷ የወጣችውን፣ ወይም በቅርቡ ወልዳ ጥጃዋን የምታጠባውን ከሲታ ላም ብዙውን ጊዜ አይቀሰቅሳትም። ያረገዘችውን ደግሞ ያስወርዳታል። ስለዚህ ለዘመቻው ቀን ቁጥር እንዲሞላ ሲባል ያገኙትን ላም ሁሉ እየነዱ ማቅረብ የገበሬውን ጽንስ በገዛ እጅ ማጥፋት ሊሆን ይችላል። አዳቃዩ እርግዝናዋን ሳይመረምር መርፌ እንዳይወጋ መጠየቅ የመሪው መብት ነው፤ እንዲያውም ግዴታው ነው።

ወቅቱ ከመኖው ጋር መሄድ አለበት። ላሞች ከክረምት ሣር ጠግበው የሚወጡት በጥቅምትና በኅዳር ነው። በጥቅምት አጋማሽ ያረገዘች ላም በሐምሌ ማለቂያ ገደማ ትወልዳለች፤ ያን ጊዜ ሣሩ አለ። በመጋቢት ከብቱ ሲጎሳቆል የሚደረግ ዘመቻ ለእኔ የመድኃኒት ብክነት ነው።

የኮርማው ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይጠበቃል። ናይትሮጅኑ ካለቀ ዘሩ ይሞታል፤ የሞተውን ግን በዐይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ አዳቃዩ ገርባውን መቼ እንደሞላ መጠየቅ ነውር የለውም። የዝርያ ምርጫም እንዲሁ ነው፤ ትንሽ ጊደር ከትልቅ የውጭ ዝርያ ብትዳቀል በምጥ ልትቸገር ትችላለች። ለሥጋ የሚያረባ ገበሬ የቦረና ኮርማ ዘር ይገኝ እንደሆነ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ከማዳቀሉ በኋላ ያለው ክትትል በማኅበሩ እጅ ነው። የተዳቀለችው ላም ከ18ኛው እስከ 24ኛው ቀን በደንብ ትታይ፤ ኮርማ ዳግመኛ ከፈለገች አልያዘችም ማለት ነውና ለአዳቃዩ ይነገር። በዚያ ሰሞን የጎረቤት ኮርማ ከመንጋው ጋር ከተለቀቀ ጥጃው የማን እንደሆነ አይታወቅም። አዳቃዩም በሦስተኛው ወር ተመልሶ በእጁ ይመርምር። ብዙ ገበሬ ባዶ ሆና የተገኘችውን ላም «መሲና ናት» ብሎ ለቄራ ይሸጣታል። አንድ ጊዜ አለመያዝ ግን መምከን አይደለም።

ለዚህ ሁሉ አንድ ደብተር ይበቃል። የባለቤቱ ስም፣ የላሟ መለያ፣ የተዳቀለችበት ቀን፣ የኮርማው ቁጥር፣ የምርመራው ውጤትና ጥጃው የተወለደበት ቀን ይመዘገቡበታል። ወረዳው ሪፖርት ሲጠይቅ ከመጨረሻው ዓምድ ተቆጥሮ ይሰጠው።