48ቱ ሰዓት መንገድ ላይ ቀረ!

ሕገ መንግሥታችን በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ አንቀጽ 19 ላይ ትልቅ ቃል ሰጥቶናል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው። ይህችን ሁላችንም በቃላችን እናውቃታለን። ከሥሯ የተንጠለጠለችውን ጭራ ግን ልብ ያላት ጥቂት ነው። ሰውየው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚፈጅበት የጉዞ ጊዜ በ48ቱ ሰዓት ውስጥ አይቆጠርም። ኧረ ለመሆኑ ይህ "አግባብ" ስንት ሰዓት ነው? ማን ይለካዋል? የት መዝገብ ላይስ ይሰፍራል?

"ይቺም ነገር ሆና ቀለም ታፈስባታለህ?" የሚለኝ አይጠፋም። እስቲ ወደ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንሂድ። አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ አለች እንበል። ሐረር ሳለች ከአከራይዋ ጋር ተሰዳድባ ነበር፤ ሴትዮዋ ከሰሰቻት። ልጅቱ ድሬ ስለገባች መጥሪያው ሳያገኛት ቀረና "ተይዛ ትቅረብ" የሚል ትእዛዝ ወጣባት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሺፍት ስትወጣ በር ላይ ያዟት። ከዚህ ወዲያ ያለውን ድራማ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። የያዛት ጣቢያ "ጉዳዩ የእኛ አይደለም፣ ያስያዙሽ መጥተው ይውሰዱሽ" ይላል። ያስያዛት ደግሞ "መኪና የለም፣ ነዳጅ የለም፣ አጃቢ የለም" ይላል። ቅዳሜና እሑድ ይገባሉ። ሰኞ ስብሰባ ነው። በወረቀት ላይ ግን ልጅቱ "ጉዞ ላይ" ናት!

ከሐረር ድሬዳዋ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። የአወዳይ ጫት ተቆርጦ፣ ታስሮ፣ በደንገጎ ቁልቁለት ተምዘግዝጎ ሳይጠወልግ ድሬ ይደርሳል። ፓርኩም ቢሆን ዕቃ እንዳይጉላላ የታሰበበት ሰፈር ነው፤ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሀገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና እዚያው ተመርቋል። ለጫቱና ለኮንቴይነሩ የሚታሰበው ሰዓት ለሰው ልጅ ለምን ይነፈገዋል?

ጉዳቱ ደግሞ በአንድ ሌሊት እስር አያበቃም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 18 መሠረት ሠራተኛ ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ቢታሰር ውሉ ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም፤ ይህ የሚሆነው ግን አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ እንዲያውቅ ከተደረገ ነው። እገዳ ማለት ደግሞ ያለ ደመወዝ ነው። ስልኳን ጣቢያ የተቀበሏት ልጅ በማን በኩል ታሳውቅ? ዳኛ ፊት ብትቀርብ ምናልባት መቀጮ ከፍላ ትሄድ ነበር። ገና ሳይፈረድባት ግን ነፃነቷንና ደመወዟን፣ ምናልባትም እንጀራዋን አጣች። ይህ ቅጣት አይደለም ካላችሁ ስም አውጡለት!

ጉዱ ሕጉ መድኃኒቱን ይዞ መቀመጡ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 25 ፖሊስ ተጠርጣሪውን በጽሑፍ መጥሪያ እንዲጠራ ያዛል። አንቀጽ 54 ፍርድ ቤት የመያዣ ትእዛዝ የሚሰጠው የሰውየው መቅረብ የግድ ሲሆንና በሌላ መንገድ ማቅረብ ሳይቻል ሲቀር ብቻ ነው ይላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ጥፋቱ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ መርማሪ ፖሊሱ ራሱ በዋስ ወይም ያለ ዋስ ግዴታ አስፈርሞ ሊለቅ ይችላል ይላል። "ይለቃል" አላለም፤ "ሊለቅ ይችላል" ነው ያለው። ቀዳዳው ይኸው ነው!

ያው ሕግ የጉዞውን ጊዜ ከ48ቱ ሰዓት ውጪ ሲያደርግ አገሩ የእግርና የበቅሎ አገር ነበር። በቅሎዋ ቀርታ ቃሉ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ፤ አስፋልቱና የኤሌክትሪክ ባቡሩ መጥተውም የነካው የለም። አባቶቻችን ከሳሽንና ተከሳሽን ነጠላ ለነጠላ አቋጥረው ወደ ዳኛ ይሰዷቸው ነበር፤ መንገዱ ሁለቱንም እኩል ያደክም ነበር። ዛሬ የሚያደክመው አንዱን ብቻ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰዎች ወደ አዋሽ አርባ የተጋዙበትን ነገር ለሌላ ቀን ልተወው። እኔ የማወራው በደህናው ቀን፣ በደህናው ሕግ ስለሚሆነው ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ ከ48 ሰዓት በላይ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ የቆዩ ሰዎችን በፖሊስ ጣቢያዎች ማግኘቱን በተለያዩ ሪፖርቶቹ ገልጿል። ጎረቤታችን ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 በመቀጮ ብቻ ወይም ከ6 ወር በማይበልጥ እስራት ለሚያስቀጣ ጥፋት ማንም በእስር እንዳይቆይ ቆርጣለች። እኛን ምን ያዘን?

ስለዚህ የተወካዮች ምክር ቤት ሆይ፣ የጉዞው ሰዓት እንደ ርቀቱ በሕግ ይቆረጥ። የተያዘበት፣ የተነሣበትና የደረሰበት ሰዓት ተጽፎ አንድ ቅጂ ለተያዘው ሰው ይሰጥ። ያስያዘው ክፍል በሰዓቱ መጥቶ ካልወሰደ የያዘው ጣቢያ አቅራቢያው ወዳለ ፍርድ ቤት ያቅርብ። ለስድብና ለእጅ እልፊት የተያዘ ሰው ደግሞ ግዴታ ፈርሞ በዚያው ዕለት ቤቱ ይግባ።

በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባል ነበር። እኛ የምንለምነው ከዚያ ያነሰ ነው፤ የቆመው መኪና እንዲንቀሳቀስ ብቻ!

ቸር ይግጠመን።