ተራራ ለጨረሰ ተማሪ ዋንጫ ወይስ ደብዳቤ?





እኔ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ተማሪዎቻችን በዕረፍት ቀን በእግራቸው እየተጓዙ አገራቸውን የሚያውቁበት ማኅበር አለን። ዘንድሮ እንጦጦን፣ የረርን፣ ወጨጫን፣ ፉሪንና ዝቋላን፣ አምስቱንም ወጥቶ ለሚጨርስ ተማሪ ምን ይሰጠው የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከኮሚቴው አባሎች የሚበዙት፣ ቀድሞ ለጨረሰው ዋንጫ፣ ለተከታዮቹም ሜዳይ ይሰጥ ብለዋል። ነገሩ ገና አልተቈረጠም። ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ይህንኑ ሊያስቡ ስለሚችሉ፣ ዋንጫውን የምቃወምበትን ምክንያት በአደባባይ መግለጽ ይገባኛል።

በመጀመሪያ፣ ተራራ ለጨረሰ ሰው እውቅና መስጠት ራሱ ከንቱ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ልማዱ በሌላ አገር የቈየ ነው። በስኮትላንድ ሰር ሂው መንሮ የተባሉ ሰው ከ3,000 ጫማ በላይ የሆኑትን ተራሮች ዘርዝረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1891 አሳተሙ። እርሳቸው ዝርዝራቸውን ሳይጨርሱ በ1919 ቢሞቱም፣ ዛሬ 282 የሆኑትን እነዚያን ተራሮች የጨረሱ ሰዎች ስም በአገሩ የተራራ ወጪዎች ማኅበር ይመዘገባል። ዝርዝር ሰውን ከለመደው መንገድ ያወጣዋል። ዝርዝር ባይኖር ኖሮ ያማረውን ተራራ ብቻ ደጋግሞ ይወጣ የነበረው ሰው፣ ማንም የማይጠራውን ተራራ ፈልጎ ይሄዳል። ይህ ለጂኦግራፊ መምህር ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን እውቅናው «ማን ቀደመ?» በሚለው ላይ የቆመ እንደ ሆነ፣ ተራራው ይቀርና ክርክሩ ይተርፋል። በስኮትላንድ በ1901 መጀመሪያ ጨረሱ የሚባሉት ቄስ ሮበርትሰን ቤን ዊቪስ የተባለውን ተራራ በእርግጥ እስከ ጫፉ ወጥተውታልን እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠየቃል። ከ8,000 ሜትር በላይ የሆኑትን 14 ተራሮች በ1986 በመጨረስ የመጀመሪያው ተብሎ የኖረውን ራይንሆልድ ሜስነርን፣ የጊነስ መዝገብ በ2023 አናፑርና ላይ ትክክለኛውን ጫፍ አልረገጠም በማለት ከቀዳሚነቱ አውርዶ ለአሜሪካዊው ለኤድ ቪስተርስ ሰጠው። ቪስተርስ ግን ቀዳሚው ሜስነር ነው ብሎ መሰከረ። ሰውየው ጨዋ ስለ ሆነ ነገሩ አማረ። የ16 ዓመት ልጅ ዋንጫ በፊቱ ተቀምጦ እንደዚህ ያለ ጨዋነት እንዲያሳይ መጠበቅ ግን በልጁ ላይ ከባድ ሸክም መጫን ነው። ደግሞስ ለዋንጫ ብሎ በወጨጫ ገደል ላይ የሚሮጥ ልጅ ቢወድቅ ለወላጆቹ ምን ብለን እንመልሳለን? አባቶች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በእኔ አስተያየት መልሱ በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት፣ አዲሮንዳክ በሚባለው ተራራማ አገር ይገኛል። በዚያ ከ4,000 ጫማ በላይ ናቸው ተብለው የተዘረዘሩ 46 ተራሮች አሉ። በ1918 የስመ ጥሩ ጠበቃ የሉዊስ ማርሻል ልጆች፣ የ17 ዓመቱ ሮበርትና የ14 ዓመቱ ጆርጅ፣ ኸርበርት ክላርክ ከሚባለው የቤተ ሰቡ መንገድ መሪ ጋር መውጣት ጀመሩ። በ1925 የመጨረሻውን ጨረሱ። ሮበርት በኋላ የደን ባለሙያ ሆኖ፣ ዱሩን ከጥፋት ለመጠበቅ በ1935 ከተቋቋመው ማኅበር መሥራቾች አንዱ ሆነ። አርባ ስድስቱን የጨረሱ ሰዎችም በ1948 የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ። በዚያ ማኅበር መዝገብ ላይ ቍጥር አንድ ተብሎ የተጻፈው የጠበቃው ልጅ አይደለም፤ መንገድ መሪው ክላርክ ነው። ወንድማማቾቹ ከእርሱ ቀጥለው ሁለተኛና ሦስተኛ ሆነው ይገኛሉ።

በዚሁ መዝገብ ዘጠነኛዋ፣ ከሴቶችም የመጀመሪያዋ፣ በ1937 የጨረሰችው ግሬስ ሁዶወልስኪ ናት። ይህች ሴት የማኅበሩ ታሪክ ጸሓፊ ሆና ብዙ ዓመት አገለገለች። ሥራዋም እንዲህ ነበረ፦ ተራራ የወጣ ሰው ያየውንና የደረሰበትን በደብዳቤ ይጽፍላታል፤ እርሷም አንብባ ትመልስለታለች። በሺህ ለሚቈጠሩ ሰዎች እንዲህ ስታደርግ ኖራ በ2004 ዐረፈች፤ በ2014 ከተራሮቹ አንዱ በስሟ ተጠራ። በኋላ በተደረገው ልኬት ከ46ቱ አራቱ 4,000 ጫማ የማይሞሉ ሆነው ቢገኙም፣ ማኅበሩ የፊተኛውን ዝርዝር አልለወጠም። ቁም ነገሩ ከጫማው ቍጥር ላይ እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል። እኛም ብንሆን የራስ ዳሽን ከፍታ በአንዱ መጽሐፍ 4,620፣ በሌላው 4,533 ሜትር ተብሎ ስናነብ ኖረናል፤ ተራራው ግን ያው ነው።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሽልማት ይሰጠን ነበር። ሽልማቶቹ ዛሬ የት እንደ ገቡ አላውቅም። አንዲት መምህርት በድርሰት ደብተሬ ግርጌ የጻፉልኝ ሦስት መስመር ግን እስከ አሁን በእጄ ነው። ሰው ሥራውን አንብቦ መልስ የሰጠውን አይረሳም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ «እናቶች ለስንት ዘመን ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ ማን ወረቀት ሰጣቸው? ጥቅምትና መጋቢት በመጣ ቍጥር ዝቋላን የሚወጣው ምእመን ሜዳይ ይጠይቃልን?» ብሎ ሞግቶኛል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ምእመኑ የሚወጣው ለነፍሱ ስለ ሆነ ከሰው ምስጋና አይሻም። እናቶቹ ግን ሊመሰገኑ ሲገባቸው ሳይመሰገኑ ቀርተዋል፤ መድኃኒቱም ተማሪውን መንፈግ ሳይሆን እነርሱን ማስታወስ ነው። ዛሬም ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄደው እንግዳ ፎቶግራፉን ይዞ ሲመለስ፣ መንገድ መሪው፣ ስካውቱና በቅሎ ነጂው ስማቸው በየትም አይጻፍም። የክላርክን ነገር አጥብቄ ያነሣሁት ስለዚህ ነው።

ስለዚህ አሳቤ የሚከተለው ነው። ማኅበሩ አንድ ጠንካራ መዝገብ ይግዛ። ተማሪው ከእያንዳንዱ ተራራ ሲመለስ አንድ ገጽ ይጻፍ፤ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ፣ ምን እንደ ተዘራ፣ ምን ዛፍ እንደ ቆመና ምን እንደ ተቈረጠ፣ መንገድ ያሳየው ሰው ስሙ ማን እንደ ሆነ ይግለጽ። መንገድ መሪው ከፈቀደ ስሙ ከተማሪው ስም በፊት ይመዝገብ። ስንት ሰዓት እንደ ፈጀበት ግን አይጻፍ። በመጀመሪያው ወር የጨረሰውና በሦስት ዓመት የጨረሰችው እኩል ይቈጠሩ። አምስቱን ለጨረሰ ሁሉ ከመምህራን አንዱ ገጾቹን አንብቦ በእጁ ደብዳቤ ይጻፍለት።

ዋንጫ ገዝቶ መስጠት ለእኛ ለመምህራን ቀላል እንደ ሆነ አውቃለሁ። የሠላሳ ልጆችን አምስት አምስት ገጽ አንብቦ መመለስ የቅዳሜ ዕረፍታችንን ይወስዳል። ልጆቹ ግን ቅዳሜያቸውን ለተራራው ሰጥተዋል፤ የእኛን ብንሰጣቸው አይበዛባቸውም።



አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ