ጀልባ የማይሸከም ወንዝ ሞተር ይወስዳል



ባለፈው ወር የሠፈራችን ወጣቶች ለማኅበራችን ጽሕፈት ቤት አንድ ሐሳብ በጽሑፍ አቅርበዋል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ለበዓል ከአዲስ አበባ፣ ከዐረብ አገርና ከሌላም ቦታ ወደ ቆቦ የሚመጡትን እንግዶች፣ ፀሐዩ በረድ ሲል ከ11 ሰዓት ጀምሮ በሞተር ብስክሌት ከኋላ አስቀምጦ ከተማውን ማዞር፤ ከዚያም ወደ ሆርማት ወንዝ ወርዶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ሥጋ ጠብሶ፣ ተጫውቶ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መመለስ። ከሚገኘው ገንዘብ ግማሹ ለባለ ሞተሮቹ፣ ግማሹ ለማኅበሩ እንዲሆን ነው። የሚጀመረውም በነሐሴ፣ በሶለል ሰሞን እንዲሆን ጠይቀዋል።

በዚህ ነገር ሠፈሩ ሁሉ የየራሱን ሲናገር ሰንብቷል። አንዳንዱ “ሥራ የፈታ ልጅ ጨዋታ ነው” ይላል። ሌላው “ኧረ ምን ክፋት አለው፣ ልጆቹ ይሥሩበት” ይላል። ስለዚህ ማኅበራችን የያዘውን አቋም በዚህ ሰሌዳ ላይ ለሁሉም መግለጥ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ለመጀመሪያ ነገር ሐሳቡን አንንቀውም። ከተማችን ያየችውን መከራ ሁላችንም እናውቀዋለን። በሐምሌ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ቆቦ ገባ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም ደግሞ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ልጅን ወደ ቤት መጥራት፣ በር ቀርቅሮ የውጭ ድምፅ ማዳመጥ ልማድ ሆኖብናል። በቆላ አገር ደግሞ ሰው ከሰው የሚገናኘው በምሽት ነው። ቀን ፀሐዩ አላስቆም ይላል። ነፋስ የሚገኘው፣ ደጅ ተቀምጦ ወሬ የሚወራው፣ እንግዳ የሚጠየቀው ሲመሽ ነው። ልጆቻችን ምሽታቸው እንዲመለስላቸው ቢመኙ ነውር አይደለም። በዚያ ላይ በእጃቸው ባለው ሞተር እንጀራ እናውጣ ማለታቸው የሚያስመሰግን ነው እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም።

ወጣቶቹ ሐሳቡን ያገኙት ከሩቅ አገር፣ ከቬትናም ነው። እዚያ ሳይጎን የምትባል፣ ከ1968 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ስሟ ሆ ቺ ሚን ከተማ የሆነ ትልቅ ከተማ አለች። ሕዝቡ የሚንቀሳቀሰው በብዛት በሞተር ብስክሌት ነው። ሲመሽ እንግዳው ከሞተረኛው ኋላ ይቀመጣል፤ በየመንገዱ ዳር የሚሸጠውን ምግብ እየቀመሰ ይዞራል፤ በመጨረሻም ወንዙ ላይ በጀልባ ይንሸራሸራል። ይህን በስልካቸው አይተው “እኛስ ወንዝ አለን፣ ሞተር አለን፣ ምን ጎደለን?” አሉ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

የጎደለን የውሃው ዓይነት ነው። የሳይጎን ወንዝ በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ፣ ከባሕር የሚመጡ ትልልቅ መርከቦች የሚገቡበት ወንዝ ነው። ወደ አገራችን ስንመለስም ያው ነው። በባሕር ዳር እንግዳ በጀልባ የሚንሸራሸረው ጣና ስላለ ነው። ጣና ከ3 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ በአገራችን ከሁሉ የሚበልጥ ሐይቅ ነው። ጀልባው ሰውን ወደ ገዳማቱ ያደርሳል፤ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ወስዶም ጉማሬ ያሳያል። በግንቦት 2016 ዓ.ም ደግሞ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ስለ ተመረቀ፣ የባሕር ዳር ሰው በምሽት ወጣ ብሎ ወንዙን ከላይ የሚያይበት ቦታ አግኝቷል። ወደ እኛ ቀረብ ሲባል ደግሞ በደቡብ ወሎ የሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅ አለ፤ እዚያም ታንኳና ጀልባ ይሄዳል። እነዚህ ሁሉ ውሃቸው ባለበት የሚቆይ ነው።

በወንዝ ከሆነ በአገራችን መርከብ ሲሄድበት የኖረው ባሮ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም ከእንግሊዝ ጋር ከተዋዋሉት ውል በኋላ ጋምቤላ የንግድ ወደብ ሆነች፤ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦችም ለብዙ ዓመታት ይመላለሱባት ነበር። ይሁንና እነርሱም የሚመጡት ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት ነበር፤ በበጋ ውሃው ስለሚያንስ አይደርሱም። ባሮን የሚያህል ወንዝ እንዲህ ከሆነ የኛን ወንዝ ጠባይ ደግሞ ማጤን ያስፈልጋል።

ሆርማት፣ ጎሊናና አላውሃ በምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥተው የራያን ሜዳ አቋርጠው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር በረሐ ይወርዳሉ። በበጋ የሚታየው ሰፊ አሸዋ ነው። ውሃው ቀጠን ብሎ ባንድ ጥግ ይሄዳል፣ አንዳንድ ቦታም ጨርሶ አሸዋው ውስጥ ይሰወራል። ልጅ ይሮጥበታል፣ ከብት ይነዳበታል፣ ሰው ከገበያ ሲመለስ ያቋርጥበታል። በዚህ ምክንያት ወንዝነቱ ይረሳል። ወጣቶቹም ቡና እናፍላ ያሉት እዚያው አሸዋው ላይ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በዝርዝር እንግለጥ። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ ናት። ከበላያችን ያለው ደጋ ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ተራራው ቀጥ ያለ፣ ብዙው ቦታ ደኑ ያለቀበት ስለሆነ ዝናብ ሲመታው ውሃው ወደ መሬት ሳይሰርግ ተንደርድሮ ይወርዳል። በደጋው ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚጥለው ከቀትር በኋላ ነው። ውሃው ከየሸለቆው ተሰብስቦ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ሰዓት ይፈጃል፤ ሲደርስም መሽቷል። ቆቦ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ፣ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ እየታየ ወንዙ ይመጣል። አመጣጡም ቀስ በቀስ አይደለም። ግንባሩ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ በአንድ ጊዜ ነው የሚደርሰው። “ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው” የሚባለውም ለዚህ ነው፤ አሸዋው ላይ ተቀምጦ የሚሥቅ ሰው ደጋው ዘንቦ እንደ ሆነ የሚያውቅበት ነገር የለውም።

ይህ የሚሆነው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ አይደለም። የራያ ቆላ በልግም ያገኛል። ስለዚህ በመጋቢትና በሚያዝያም ድንገት ሊመጣ ይችላል። ገበሬው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሽላውና ወደ ጤፉ የሚያስገባ እርሱ ነው፤ ጎርፉ ቢቀርበት የሚቸገር እርሱ ነው። ታዲያ ገበሬው ውሃውን ከዳር ሆኖ ይጠብቀዋል እንጂ መካከሉ ገብቶ አይቀመጥም። ከተማ ያደገው ልጃችን ግን ወንዙን የሚያውቀው በበጋ መልኩ ነው።

የሞተሩ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ማለት ከቁርጭምጭሚት እምብዛም የማያልፍ ፈጣን ጎርፍ፣ ቆሞ ያለ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ አውቶሞቢል ያንሳፍፋል። 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። በሁለት ጎማ የቆመ፣ ከኋላው እንግዳ የጫነ ሞተር በዚህ ውስጥ ምን ይሆናል? ውሃው ከጎማው ሥር አሸዋውን ይቦረቡረዋል፤ ሞተሩ አየር በሚስብበት በኩል ውሃ ከገባ ደግሞ መካከል ላይ ይጠፋል። በሌሊት የፊት መብራቱ የሚያሳየው የድፍርሱን ውሃ ላዩን ብቻ ነው፤ ጥልቀቱን አያሳይም። ጎርፉ ካለፈ በኋላም ትናንት ደልዳላ የነበረው መሻገሪያ ዛሬ ጉድጓድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዋናው አስፋልት ላይ ድልድይ አለን። ወደየገጠሩ በሚወስደው መንገድ ግን ብዙው መሻገሪያ ያው አሸዋው ነው።

እንግዲህ ወጣቶቹ ሽርሽሩ ይጀመርበት ያሉትን ጊዜ እንመልከት። ሶለል የሚገባው ከነሐሴ 16 ጀምሮ ነው። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው ያው የልጃገረዶች በዓል ነው። ልጃገረዶቻችን አጊጠው፣ ከበሮ ይዘው የሚወጡበት፣ ከሩቅ ያለው ዘመድ የሚመጣበት ጊዜ ነው። እንግዳው በዚያን ጊዜ እንደሚበዛ እውነት ነው። ወንዙ በጣም የሚከፋውም በዚያው ሰሞን ነው። ከሞተሩ ኋላ የሚቀመጡት እንግዶች ብቻ ሳይሆኑ ለበዓል የለበሱ የገዛ ልጆቻችን እንደሚሆኑ የታወቀ ነው። ከዚህ በላይ የምንለው የለንም፤ ወላጅ የሆነ ሁሉ ይረዳዋል።

ከሳይጎን ከተቀዳ ደግሞ ደስታው ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱም ይቀዳ። በቬትናም ከታኅሣሥ 2000 ዓ.ም ጀምሮ በሞተር የሚሄድ ሰው ሁሉ፣ ነጂውም ከኋላ ያለውም፣ በማንኛውም መንገድ ላይ ሄልሜት እንዲያደርግ በሕግ ታዝዟል። ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የጭንቅላትን ጉዳት በ69 ከመቶ ገደማ፣ ሞትን ደግሞ ከ40 ከመቶ በላይ እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። በኛ ዘንድ ግን ሦስት ሰው በአንድ ሞተር ተጭኖ፣ ሁሉም ባዶ ራሱን ሲበር በየዕለቱ እናያለን። ሥርዓት ያጣ ነገር መጨረሻው ክልከላ መሆኑንም አንርሳ። አዲስ አበባ ላይ ወንጀል በሞተር በዛ ተብሎ በሰኔ 2011 ዓ.ም መጨረሻ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ሲታገድ፣ በሐቅ ሠርቶ የሚያድረውም አብሮ ሥራ ፈትቷል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሻላል።

በዚህም መሠረት የማኅበራችን የሥራ አመራር ኮሚቴ ተወያይቶ የሚከተለውን ሐሳብ ለጠቅላላው አባል ያቀርባል።

1ኛ. የምሽት ሽርሽሩ እንዲቋቋም ማኅበሩ ይደግፋል። ነገር ግን የከተማው አስተዳደርና የጸጥታ ክፍል በሞተር ላይ ያወጡት የሰዓት ገደብ ካለ ያ ይቀድማል።

2ኛ. በሶለል ሰሞን ሽርሽሩ ከከተማውና ከአስፋልቱ እንዳይወጣ፤ ወደ ወንዝ ፈጽሞ እንዳይወርድ፤ ጨለማ ሳይዝ እንዲመለስ።

3ኛ. ወደ ወንዝ ዳር የሚደረገው ጉዞ መስከረም ካለፈ በኋላ፣ በበጋው ወራት እንዲሆን። ያን ጊዜም ቡናው የሚፈላው አሸዋው ላይ ሳይሆን ከዳር፣ ከፍ ካለው መሬት ላይ ነው። ከዚያ ሆኖ ፀሐይ በላስታ በኩል ስትጠልቅ የመጨረሻው ብርሃን የዞብልን ተራራ ሲያቀላው ማየት ይቻላል። እንግዳ የሚወደው ይህን ነው፤ ጀልባ አያስፈልገውም።

4ኛ. በአንድ ሞተር ላይ ከነጂው ሌላ አንድ ሰው ብቻ። መንጃ ፈቃድ የሌለው፣ የፊትና የኋላ መብራቱ የማይሠራ፣ ሁለት ሄልሜት የሌለው አይሰለፍም። የጠጣ ሰው አይነዳም።

5ኛ. ጉዞ በሚደረግበት ቀን ሁሉ ሁለት ሰዎች ተመድበው ደጋ ላሉ ዘመዶቻቸው ስልክ እየደወሉ “ዘነበ ወይ?” ብለው ይጠይቁ። ደጋ ዘመድ የሌለው የሠፈራችን ሰው ጥቂት ነው። ዘንቧል ከተባለ፣ ወይም ስልኩ ካልሠራ፣ የዚያን ቀን ወንዝ የለም ማለት ነው።

6ኛ. ለማኅበሩ ከሚደርሰው ገቢ መጀመሪያ የሚገዛው ሄልሜት ይሁን። ቀጥሎም ሰው በሚበዛባቸው መሻገሪያዎች ዳር የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ በነጭና በቀይ ቀለም የተለካ እንጨት እንዲተከል።

የመጨረሻው ነጥብ ለእንግዳ ብቻ ተብሎ የተጻፈ አይደለም። በዚያ መሻገሪያ ሲመሽ የሚያልፈው ከሁሉ ይልቅ የኛው ሰው ነው፤ ሽንኩርት ሸጦ የሚመለስ ገበሬ ነው፣ በሽተኛ በሞተር ጭኖ ወደ ሐኪም የሚሮጥ ወንድም ነው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ነው። ለሽርሽር ብለን የምንሠራው ጥንቃቄ ለእነዚህ ሁሉ ይተርፋል። ለገዛ ሰዉ የማያስተማምን መሻገሪያ ይዞ እንግዳ መጥራት ደግሞ ለቆቦ ክብር አይሆንም።

ወጣቶቻችን ይህን እንደ ክልከላ እንዳይቆጥሩት እናሳስባለን። ምሽቱ የእናንተ ነው፣ ሞተሩም ይነሣ፣ ቡናውም ይፈላ። ሄዳችሁ እንድትመለሱ ብቻ ነው የምንፈልገው። ወላጆችም “እኔን ምን አገባኝ” ሳትሉ በሚቀጥለው ስብሰባ ተገኝታችሁ ሐሳባችሁን ስጡ። ከእናንተ ውስጥ ወንዙን ከልጅነት ጀምሮ የምታውቁ፣ ድምፁን ከሩቅ የምትለዩ ሽማግሌዎች አላችሁና፣ ለልጆቹ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ወርዳችሁ እንድታስረዱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት